በእንተ ስማ ለማርያም፣ ባንክ በር ላይ

ታላቅ ወንድሜ በድንገት ያረፈው ማክሰኞ ማታ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር አብረን በሚኒባስ ሄደን ነበር። ገና የአንደኛ ዓመት የፋይናንስ ተማሪ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡ የማናውቃቸው የኔታ ወሬ ጀመሩት።

"ወዴት ነው ልጄ?"

"ባንክ፣ የኔታ። ኢንተርንሺፕ ልለምን።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ክረምቱን እየሠሩ መማር ነው።"

"ደሞዝ አለው?"

"የለውም።"

"ምሳስ?"

"እሱም የለም።"

"እና በየደጁ ትዞራለህ?"

"አዎ። ሦስት ባንኮች 'አራተኛ ዓመት ስትደርስ ና' አሉኝ። ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ ቀድሜ ካልገባሁ ስመረቅ ማን ያውቀኛል?"

"የቆሎ ተማሪ ነኝ አትለኝም! ውሻ አላቸው?"

"ጥበቃ አላቸው።"

"እሱ ይብሳል። ዱላ ይዘሃል?"

"ማመልከቻ ነው የያዝሁ።"

"ወረቀት ምን ያደርጋል! በራቸው ላይ ቆመህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ 'በእንተ ስማ ለማርያም' በል።"

"ባንክ በር ላይ?"

"የሰጡህን ደግሞ ብቻህን እንዳትበላ፤ ለመምህርህ አካፍል።"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ከባንኩ ወደ ወንድሜ ስልክ ደውለው "ያ በእንተ ስማ ለማርያም ያለው ልጅ ሰኞ ይጀምር" ሲሉኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ራሴን ነቀነቅሁ።