ከአባቴ መኪና የኋላውን አክስል ስለ መፍታቴ

የቃል ሰጪ ስም፦ ዶሪን ፔትች
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ
አድራሻ፦ አቢንግደን ከተማ፣ እንግሊዝ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጁን 17 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ አባቴ ሲሪል ፔትች የመኪናውን የኋላ አክስል ተሰረቅኩ ብሎ ባመለከተው መሠረት ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚሸከመውን ይህን አክስል የፈታሁት እኔ ነኝ። ሌባ ግን አይደለሁም።

መኪናው በ1964 የተሠራ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያው የሚገለጥ ቀይ ኤም.ጂ. ነው። አባቴ እዚሁ ከተማ በነበረው የኤም.ጂ. መኪና ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ መኪናውን ከሰው አስበልጦ ይወደዋል። አሁን 80 ዓመቱ ነው። ባለፈው ጃንዋሪ የዓይን ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ በጽሑፍ ነግሮታል። አባቴ ወረቀቱን ቀዶ እሳት ውስጥ ከተተው። ቁልፉን ብደብቅበት በሽቦ አስነሥቶ ሄደ። ባትሪውን ብወስድበት በታክሲ ሄዶ አዲስ ገዝቶ መጣ። ጎማዎቹን ባስተነፍስበት እያፏጨ ሲነፋቸው አገኘሁት። ይህን ሁሉ ለታላቅ ወንድሜ ለኔቪል ነግሬዋለሁ። መልሱ "ተይው እባክሽ፤ ሽማግሌው ሌላ ምን ደስታ አለው?" የሚል ነበር።

ዓርብ ጁን 12 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ፣ በትምህርት ቤቱ በር ልጆች የሚያሻግሩት ወይዘሮ አግነስ ተፍሪ መንገድ መሐል ቆመው ሳለ፣ አባቴ በመኪናው ሲያልፍ የያዙትን የማቆሚያ ምልክት ከእጃቸው መትቶ ጣለው። ከኋላቸው አምስት ሕፃናት ነበሩ። አባቴ ሳይቆም ሄደ። ወይዘሮዋ ሥራቸውን እንደጨረሱ ደጄ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። አባቴን ስጠይቀው "ቅርንጫፍ ነው የነካኝ" አለ። ቅርንጫፍ! ለኔቪል ደወልኩ። "ልጆቹ ተነኩ?" አለኝ። "አልተነኩም" አልኩት። "ታዲያ ምን ያንጨረጭርሻል?" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

እሑድ ጁን 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ኔቪል አባቴን ለምሳ ወደ ቤቱ ወሰደው። እኔም አባቴ ብቻውን መልሶ ሊገጥመው የማይችለው ዕቃ የትኛው እንደሆነ አስቤ ጨርሼ ስለነበር አባቴ መኪናውን ወደሚያቆምበት ጋራዥ ገባሁ። የፊት ጎማዎቹን በእንጨት አገድኩ፤ የኋላውን በክሪክ አንሥቼ አካሉን በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኩ፤ የኋላ ጎማዎቹንም አወለቅኩ። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ አክስሉ መሐል ካለው ዲፈረንሻል ለየሁ። የፍሬኑን ቱቦና የእጅ ፍሬኑን ገመድ ስፈታ ዘይቱ እስከ ክርኔ ወረደ። አክስሉን የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው ባሌስትራ ጋር ካሰሩት ዳዶዎች አንዱ ዝጎ አልፈታ ቢለኝ፣ መፍቻው ላይ የብረት ቧንቧ ሰክቼ በሁለት እግሬ ቆምኩበት። ተሳድቤያለሁ፤ ስድቡ ለዳዶው ብቻ አልነበረም። የባሌስትራዎቹን የኋላ ጫፍ ፈትቼ ዝቅ ካደረግኩ በኋላ፣ ጎማዎቹን አክስሉ ላይ መልሼ ገጥሜ እንደ ጋሪ እየገፋሁ አወጣሁት። በሁለት ሳንቃ ላይ ጎትቼ የጭነት መኪናዬ ላይ ስጭነው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አባቴና ኔቪል ሲመለሱ እዚያው እየጠበቅኳቸው ነበር። አባቴ ጋራዡን ከፍቶ የመኪናውን ኋላ በእጁ ሲዳብስ ሥሩ ባዶ ሆነበት።

"ማነው መኪናዬን ሽባ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ሙያ ያስተማርኩሽ እንድትዘርፊኝ ነው?"

"ልጅ ከምትገድል ሌባ በለኝ፣ አባዬ።"

ኔቪል "አንቺ፣ ልብ የለሽም እንዴ?" አለኝ። "ልብማ አለኝ፤ ዓይን የሌለው እሱ ነው" አልኩ። አባቴ ፊቱን አዞረ። ይህን በመናገሬ አዝናለሁ። በሌላው አላዝንም። በማግሥቱ ለፖሊስ አመለከተ።

ትናንት ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አባቴ ብቻውን በአውቶቡስ ቤቴ መጣ። ሰላም አላለኝም። "ንብረቴን አሳዪኝ" አለ። አክስሉን የሸፈንኩበትን ሸራ ገለጥኩለት።

"ሲመለስ እንዳይሳሳት ካርዳኑ የሚገጥምበት ላይ ምልክት አድርገሻል?" አለኝ።

"ነጭ ቀለም ቀብቻለሁ" አልኩት።

ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ፈለገ። ምልክቱ የአውራ ጣት ስፋት አለው። ከላይ ፈለገ፣ ከታች ፈለገ። "የታለ? አልቀባሽም!" ብሎ ጮኸብኝ። ጣቱን ይዤ ቀለሙ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀለሙን ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ "ክሱን ግን አላነሣም" አለ። "አታንሣ" አልኩት። ክንዴን ይዞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ አብረን ሄድን።

አክስሉ አሁንም ቤቴ ነው። ሕግ ካዘዘ አስረክባለሁ። በእጄ ግን አልገጥመውም። ኔቪል ካስገጠመው ተመልሼ እፈታዋለሁ፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ቁጣውም የራሴ ስለሆነ ከቃሌ እንዲወጣ አልፈልግም።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዶሪን ፔትች
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ሂዩ ላንግሪጅ (ፊርማ)