በኤግዚቢትነት ስለተያዘው የጉሎ ናፍጣ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ንግስት አያሌው
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የእህል ወፍጮ ባለቤት
አድራሻ፦ ሲማዳ ወረዳ፣ ጉልት አምባ ቀበሌ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ወገዳ፣ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ
ተጠርጣሪ፦ መምህር እንዳልካቸው አዲሱ
ጉዳዩ፦ ያለፈቃድ ነዳጅ ማከማቸት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ተጠርጣሪውን አውቀዋለሁ። በቀበሌያችን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምርና በግቢዬ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። ጸብም ዝምድናም የለንም። የኮንትሮባንድ ነዳጅ ነው ተብሎ የተያዘበት ጀሪካን ዓይኔ እያየ ከጉሎ ፍሬ የወጣ ነው። ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁትም ይህንኑ ለመመስከር ነው።

ወፍጮዬ በናፍጣ እጦት ከገና በፊት ጀምሮ ቆሞ ነበር። ጥር የሰርግ ወር በመሆኑ የቀበሌው ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው የመብራት ወፍጮ ፍለጋ ወገዳ ድረስ ይንከራተቱ ነበር። እኔ የሞተ ሞተር ታቅፌ በተቀመጥኩበት እንዳልካቸው መጥቶ «እትዬ፣ ይህ በየአጥሩ ሥር የሚረግፈው ጉሎ እኮ ሞተር ያስነሳል» አለኝ። ጉሎ ምጣድ ለማሰስና ጠፍር ለማለስለስ ሲሆን እንጂ ለሞተር ሲሆን ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልተቀየመም። ጉሎ ከብትም የሚገድል መርዝ ስለሆነ ዘይቱ ከማንም ጉሮሮ የሚነጠቅ እንዳልሆነ ሲያስረዳኝ ተረታሁ።

ጉሎ ይዞ የመጣ ወፍጮው ሲነሳ ቀድሞ ይፈጭለታል ብዬ ስላስነገርኩ ግቢዬ በጉሎ ተሞላ። ፍሬውን አድርቀን ፈልፍለን በመኪና ክሪክ በተሠራ መጭመቂያ ጨመቅነው። እንዳልካቸው ዘይቱን አሙቆ ከባሕር ዳር ያመጣውን አልኮልና ኮስቲክ ሶዳ ጨመረበት። አድሮ ስናየው ከታች ወፍራም ዝቃጭ፣ ከላይ ቀጭን ቢጫ ፈሳሽ ሆኖ ተለያይቷል። የላዩን ቀድቶ በውሃ አጠበውና ከተረፈችኝ ጥቂት ናፍጣ ጋር ቀላቀለው።

ትናንት ረቡዕ ጠዋት ሞተሩን ሞከርነው። አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ቆመ። ልቤም አብሮት ቆመ። ሁለተኛ ስናዞረው ተነሳና ወፍጮው አጓራ! እልል አልኩ፤ ማልቀሴንም አልክድም። ጭሱ መጥበሻ መጥበሻ ስለሚሸት አንዳንድ ሴቶች «ሞራ ጨምረውበታል፣ ጾማችንን ሊያስፈቱን ነው» ብለው እህላቸውን ከወረፋው አወጡ። ቄስ ገብረ ማርያም ተጠርተው መጡ፤ ጀሪካኑን ከፍተው አሸተቱና «ይህማ ከፍሬ የወጣ ነው፤ አስፈጩ» ስላሉ ሁሉም ተመለሱ። እስኪመሽ ፈጨን። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ፖሊሶች መጥተው የተረፈውን አንድ ጀሪካንና እንዳልካቸውን ያዙ። ማን እንደጠቆመ በልቤ ባውቅም ስም አልጠራም። እሑድ የምትዳረው የጎረቤቴ ልጅ የህይወት የሰርግ እህል ግማሹ ሳይፈጭ ቀርቷል። እኔም በዚያው የፖሊስ ፒክአፕ ተሳፈርኩ።

ወደ ወገዳ በሚወስደው ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናው ነዳጅ አልቆበት ቆመ። ሾፌሩ ቢደውል ወገዳም ናፍጣ እንደሌለ ተነገረው። ፖሊሶቹ ጀሪካኑን አዩ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። እንዳልካቸው እጁ በካቴና እንደታሰረ «ቀስ ብላችሁ ቅዱት፣ ከሥሩ እንዳትበጠብጡት» እያለ አሳያቸው። ግማሹ ተቀዳ። ሾፌሩ ከነዳጅ መስመሩ አየር አስወጥቶ ሲያስነሳው መኪናው እንደ ወፍጮዬ አስነጠሰና ተነሳ። ያን ዳገት ምንም ሳይል ወጣው! እኔ ከኋላ ሆኜ እልል ስል አንዱ ፖሊስ ዝም በይ አለኝ፤ እሱም ግን እየሳቀ ነበር።

ቃሌን የሚቀበሉት ሳጅን አዳነ በዚሁ መኪና አብረውን ነበሩ። እሳቸው «የዳገቱ ነገር ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፣ ይቅር» ቢሉኝም «ይጻፍልኝ» ብዬ አጥብቄ ስለጠየቅሁ ተጽፏል። ነገ ኤግዚቢቱ ለምን ጎደለ ተብሎ ሲጠየቅ እንዳልካቸው እንዳይከሰስበት ነው። የጎደለው ሁላችንንም እዚህ ያደረሰን ነው።

ከላይ የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የሠራሁትን እንጂ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ንግስት አያሌው

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን አዳነ ኃይለ ሚካኤል (ፊርማ)
ዳገቱ ላይ ስለሆነው እኔም ምስክር ነኝ።