ክዳኑ ላይ የተደፋው ጠላ

ክልሉ ገና ሲቋቋም ለሥራ ባምባሲ ተመድቤ ነበር። በመስቀል ዋዜማ ችቦዬን ታቅፌ ከአሶሳ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አንድ የበርታ ብሔረሰብ ነጋዴና አዲስ ጀለቢያ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች አንዲት እናት ወሬ ጀመሩ።

«እናቴ፣ ይሄ ጀለቢያ ለማን ነው?»

«ለጎረቤቴ ለአብደላ።»

«አንቺ ሙስሊም ነሽ?»

«የለም፣ ክርስቲያን ነኝ። ዘንድሮ ቤት ኖሮኝ መስቀልን የማከብረው ግን በእሱ ነው።»

«እንዴት ሆነ?»

«አምና እንደ ልማዳችን ችቦ ለኩሰን ቤቱን ስንዞር፣ በበሩ በኩል ሳር ክዳኑ ተያያዘ። አራሷ ልጄ ውስጥ ተኝታለች።»

«ያ ረብ! ውሃ የለም?»

«አልተቀዳም። የእሳት አደጋ መኪና እንደሆነ፣ ክልል ሆንን እንጂ እሱ ገና አልመጣልንም። እኔ እጮሃለሁ። አብደላ አጥር ዘሎ ገባና ለበዓሉ የጠመቅኩትን ጠላ ከነእንስራው አንስቶ ክዳኑ ላይ ደፋው።»

«ጠላ? እሱ ሙስሊም?»

«ሽታውን እንኳ የማይወድ ሰው! ነጭ ጀለቢያው በጠላ ራሰ። አራሷን ከነሕፃኗ ካወጣልኝ በኋላ ‹ለሶላት ልታጠብ› ብሎ ሄደ።»

«አልሐምዱሊላህ። ዘንድሮ ችቦ አለ?»

«አለ፤ ከቤት ርቀን ሜዳ ላይ ነው የምንለኩሰው። በርሜሉንም ውሃ ሞልቼ ደጅ አስቀምጫለሁ። አብደላ ጠዋት አየውና ሳቀ። ‹እትዬ፣ ዘንድሮ ጠላሽን ትጠጫለሽ› አለኝ።»

እኔ ችቦዬን እንደታቀፍኩ የአጥር ጎረቤቴን ስም ለማስታወስ ስሞክር ባምባሲ ደረስን።