የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ንጉሤ ዜና ሕይወትና የእኅታቸው ቀሚስ

«እጅ ይማራል፣ ልብ ግን ተምሮ አያውቅም» ይሉ ነበር አባታቸው አቶ ንጉሤ፣ ደሴ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ። ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከእኒህ ልብስ ሰፊ አባትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምነሽ በ1956 ዓ.ም. ተወልደው፣ ከታናሽ እኅታቸው ከፋንቱ ጋር በአንድ ጨርቅ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ጥልፍ የተማሩት በዚያው በረንዳ ነው።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ ዘመኑ ሲከፋ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ካርቱም ላይ ከአቶ ጀማነህ ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ከገቡም በኋላ ቀን በዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ እየሠሩ፣ ማታ ክሊንተንቪል ላይብረሪ እንግሊዝኛ እየተማሩ፣ አንድርያስንና አርሴማን ወልደው አሳደጉ። አቶ ጀማነህ ልጆቹ ለቁም ነገር ሳይበቁ በድንገት ሲያርፉ፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ብዙነህን ከደሴ አስመጥተው ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር ባለው ቤታቸው አብረው ኖሩ።

ጥልፋቸውን የማያውቅ የዚህ ከተማ ሙሽራ ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሲጠልፉ በመስቀሉ ዙሪያ እንግዳ ቅጠል አወጡበት፤ አባ አይተው «ይህ ቅጠል ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» ቢሏቸው «ከደጄ ነው አባ፣ በየመኸሩ የምጠርገው እኔ ነኝ» አሉ፤ አባም ስቀው ባረኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምሯቸው ሕፃናት በእንግሊዝኛ ሲመልሱላቸውም «ክሩ አማርኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ያስተምራችኋል» ይሉ ነበር።

አምና ካንሰር አገኛቸው። ለፋንቱ ለፋሲካ የሚላክ ቀሚስ ጀምረው ነበርና፣ መድኃኒቱ ጣታቸውን ሲያደነዝዘው ክሩን በመርፌው የሚያስገቡላቸው አቶ ብዙነህ ሆኑ። በዚህ መካከል ፋንቱ ደሴ ላይ በድንገት ዐረፈች።

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ሽማግሌዎችም «ትንሽ ትበርታ፣ ከዚያ በማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን» ብለው ወሰኑ። አርሴማ ግን «ጋሼ፣ ማወቅ እኮ ራይቷ፣ መብቷ ነው» ብላ ተከራከረች። አቶ ብዙነህ ግን የሽማግሌዎቹን ቃል ጠበቁ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ «ወንድም ጋሼ፣ ፋንቱ ምነው ስልክ አታነሳም?» ሲሉ «ኔትወርክ የለም ይላሉ» ይሏቸዋል፤ ከዚያ መርፌውን ተቀብለው፣ ለሞተች እኅታቸው ቀሚስ ክር ያስገባሉ። አቶ ብዙነህ ለገዛ እኅታቸው እንኳ ወግ ባለው ለቅሶ አላለቀሱላትም፤ የቤቱ ጋራዥ ገብተው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጸልዩና ፊታቸውን ጠርገው ይመለሳሉ። ልንገራት ብለው አፋቸውን የከፈቱበት ቀን ብዙ ነው፤ ሁልጊዜም የሚወጣው «ውኃ ላምጣልሽ?» ሆነ። አንድ ሰሞን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ስለ ስልኩ መጠየቅ ተዉ። አቶ ብዙነህም «እግዚአብሔር አስረሳት» ብለው ስለት አገቡ።

የሚበረቱበት ቀን ግን አልመጣም። ቀሚሱን ጨርሰው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ልጆቻቸውን አንድርያስንና አርሴማን፣ ወንድማቸውን አቶ ብዙነህን፣ ጥልፍ ያስያዟቸውን የሰው ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ጌታ ሆይ፣ እኛ መንገር ያቃተንን አንተ ንገራት፤ ሁለቱን እኅትማማች አንድ ቦታ አሳርፍልን፤ አሜን።

ጽሑፉ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ትናንት ግን አቶ ብዙነህና አርሴማ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሕክምና ይወስዱበት ከነበረው ክፍል ብርድ ልብሳቸውን ሊያመጡ ሄደው ሳሉ፣ ከሟቿ አጠገብ ባለው ወንበር መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ፣ ስማቸውን የማናውቅ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ጠሯቸው። አርሴማ ቃል በቃል እንደተረጎመችላቸው፣ ለአቶ ብዙነህ ያሉት ይህን ነው፦

«እኅቷ መሞቷን ታውቅ ነበር፤ የቀብሩን ፎቶ ከስልኳ ላይ አሳይታኛለች። ‹ታዲያ ቀሚሱን ለምን አትተዪውም?› ብላት፣ ‹ወንድሜ እጁ የማይንቀጠቀጠው መርፌዬን ሲይዝ ብቻ ነው› አለችኝ።»