የሐዲዱ ድልድይ ቋጠሮ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ወልቂጤ አጠገብ፣ ዋቤ ወንዝ ላይ፣ የድንጋይ ማመላለሻ ሐዲድ የተዘረጋበት ድልድይ ሠርተው ነበርና እስቲ ልየው ብዬ ወረድኩ። የድልድዩ መደገፊያ ብረት በቃጫ ቋጠሮ ተሞልቷል። የአገሩ እጮኞች አብረው ይቋጥሩበታል፤ እስከ ሠርጋቸው ካልተፈታ ትዳራቸው ይጸናል ይላሉ። አንድ ጣሊያን ካፒቴን ግን ሲቋጥር ያገኘውን ጎረምሳ አንቆ ይዞ፣ "ይህ የሽፍቶች ምልክት ነው፤ ትረሸናለህ!" እያለ ይጮሃል። የጎረምሳው እጮኛ ካፒቴኑ እግር ላይ ወድቃ ታለቅሳለች።

እኔ አውሮፓ ተምሬ ስመለስ የሹመት ወንበሬን ለአንድ ባለሥልጣን የወንድም ልጅ ሰጥተውብኛል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እዚያ የተማርኩትን ቋንቋ ግን ሊወስዱብኝ አልቻሉም። ልማዱን በጣሊያንኛ ባስረዳው፣ "ውሸታም!" ብሎ ሽጉጡን መዘዘ።

"እንደ ፈለጉ፤ ብቻ እዚህ አገር እጮኞችን የለያየ ሰው የራሱ ሚስት ትኮበልላለች" አልኩት።

ካፒቴኑ የጋብቻ ቀለበቱን አየት አደረገ። ከዚያ ሽጉጡን መልሶ ልጁን ገፍትሮ ለቀቀው።

"ጌታዬ፣ ምን ቢሉት ነው የለቀቀው?" አለችኝ ልጅቷ። ነገርኳት።

"ውይ! እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር የለም እኮ!"

"የለም፤ አሁን ፈጠርኩት። ያን ሁሉ ዘመን የተማርኩት ለምን ይመስልሻል?"