የሚተነፍሰው በርሜል

ሽማግሌው ወይን ነጋዴ መጥረቢያ ይዘው ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ፣ የሟች ወንድማቸውን ልጅ ደረጃው ላይ ድንገት አገኟት። ልጅቱ ቢራ ጠመቃ ተምራ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም።

«ደህና ነዎት አጎቴ? መጥረቢያ ይዘው ወዴት ነው?»

«የአባትሽን በርሜል ልፈልጠው ነው። ይተነፍሳል። ጆሮዬን ብለጥፍበት ሲያቃስት ሰማሁት።»

በዚያ ቤት ወይን ጠማቂ ሲሞት በርሜሉ ባዶውን ይቀመጣል፤ የቀረው ወንድም በአጠገቡ ሲያልፍ አንኳኩቶ ሰላም ይለዋል። ሽማግሌው እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ መልስ የሰጣቸው ግን አልነበረም፣ እስከ ሰሞኑ። የተማረ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ብቻውን ቆሞ መልስ ሲንኳኳለት ይሳቅና እንየው።

ልጅቱ አቀረቀረች። «ባዶ አይደለም። ሳላስፈቅድዎ ቢራ ሞልቼበታለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቢራ? ያንን የጥም ማብረጃ አረፋ፣ በወንድሜ በርሜል?»

«እርስዎ የሚያውቁት በችኮላ የተጠመቀውን ነው። ቢራም እንደ ወይን የሚቆይ አለው። እንጨት ውስጥ ከርሞ ይጎመዝዛል፤ የወይን ልጣጭ ሲጨመርበት ቀይ ይሆናል። ከጥቁር ብቅል የተጠመቀው ደግሞ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። በትንሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር፣ እያሸተቱ የሚጠጣ ነው።»

«ታዲያ የሚያቃስተው፣ መልሶ የሚያንኳኳውስ ማነው?»

«እርሾ ነው። የአባቴ ወይን እርሾ እንጨቱ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ቢራው ሲደርስለት ነቃ። ቢፈልጡት የሚሞተው እሱ ነው፤ ሌላ የትም የለም።»

«በሕይወት አለ ነው የምትይኝ?»

«እርሾው ነው ያልኩዎ፣ አጎቴ።»

ቀድታ ሰጠቻቸው። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ አሸተቱ፣ ከዚያ ተጎነጩ። ጎምዘዝ ብሎ ገባ፤ ኋላ ላይ ግን ከሥሩ ያ የድሮው ወይን ብቅ አለ። ሽማግሌው መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እንባቸውን ጠረጉ።

«የሱ እጅ ነው» አሉ። «ልገድለው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈተው የሻገቱት በርሜሎች ታጥበው ተሞሉ፤ ይጣል የነበረው ልጣጭም ጥቅም አገኘ። ቢራን ይንቁ የነበሩ ወይን ጠጪዎች አንድ ብርጭቆ ቀምሰው ቁጭ ማለት ጀመሩ፤ «መጀመሪያ አሽትቱ» እያሉ የሚያስተምሯቸውም ሽማግሌው ራሳቸው ሆኑ። ልማድን ማክበር መልካም ነው፤ ሟችን በባዶ ዕቃ ማክበር ግን ለሟችም ለቋሚም አይበጅም።

አንድ ቀን ሽማግሌው በወንድማቸው በርሜል አጠገብ ሲያልፉ እጃቸው ለምዶ አንኳኳ። ከውስጥ ተንኳኳላቸው።

«ይሄ እርሾሽ አያርፍም እንዴ?» አሉ።

ልጅቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «አጎቴ፣ ቢራውን ጠዋት ወደ ጠርሙስ ገልብጬዋለሁ። ውስጡ ምንም የለም።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ቶሎ ሙዪው» አሉ። «ጠምቶታል።»