የአባባ ንሁቼ ዝምተኛ መኪና

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ከተገኘበት ምላሴ ፀሐይ ላይ እንደ ተሰጣ ቃሪያ ይኮማተር! ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየኝም፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው።

የምንኖረው ካትማንዱ አጠገብ ባለችው ባክታፑር ከተማ ነው። መንገዳችን ጡብ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ነው፤ በመከር ግማሹ ላይ ሩዝ እንዲደርቅ ይሰጣል፣ በተረፈው ግማሽ መኪና፣ ዶሮና ሰው ይጋፋል። አንድ አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎቻችን ማታ ማታ በሚዘምሩበት የመንገድ ዳር ማረፊያ ጠርዝ ተቀምጬ ኦቾሎኒ እፈለፍላለሁ። ዓይነ ስውሩ አባባ በኻ በዘንጋቸው ጡቡን እየነኩ መንገዱን ያቋርጣሉ። ድንገት ቀጭ! ዘንጉ ለሁለት ተሰበረ። አንድ ነጭ መኪና ከጉልበታቸው አጠገብ ቆሟል። ከየት እንደመጣ እኔ ባለ ሁለት ዓይኑ እንኳ አላወቅኩም!

ከመኪናው የወረዱት የአባባ በኻ የልጅነት ጓደኛና የመዝሙር ባልንጀራ፣ ጡረተኛው ሾፌር አባባ ንሁቼ ናቸው።

«ምን ሆነህ ነው መሃል መንገድ የምትገተር?» ብለው ጮኹ።

«እኔ መንገዴን እየሄድኩ ነው። እንደ ሌባ ተለሳልሰህ የመጣኸው አንተ ነህ!» አሉ አባባ በኻ።

በዚህ መሃል የአባባ በኻ የልጅ ልጅ ምሪዱላ ሻንጣዋን እየጎተተች ብቅ አለች። ካትማንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ትማራለች፤ ለእረፍት መምጣቷ ነው። የዘንጉን ስብርባሪ አነሳች፣ ጎንበስ ብላ የመኪናውን አፍንጫ ሥር አየች፣ ከዚያ በትሕትና እጅ ነሳች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የኤሌክትሪክ መኪና ሲንቀሳቀስ እንደ ንብ ዝዝ የሚል ድምፅ ማሰማት ነበረበት። ድምፁ የት ሄደ?»

«ሽቦውን ቆረጥኩታ!» አሉ አባባ ንሁቼ ደረታቸውን ነፍተው። «በገዛ ፒንሳዬ! ልጄ፣ ዕድሜዬ ያለቀው በናፍጣ ጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ነው። ዛሬም ትራስ ላይ ጋደም ስል ሞተሩ ጆሮዬ ውስጥ ያንኳኳል። ይህንን የገዛሁት ዝም ስለሚል ነው። ዝም የሚል ነገር ገዝቼ አንጎራጉርልኝ ብዬ ልለምነው?»

«እርስዎ ዝምታ አገኙ። የእኔ አያት ግን መንገድ የሚያዩት በጆሮአቸው ነው። ዛሬ ዘንጋቸው ነው የተሰበረው፤ ነገስ?»

«ሰው ሳይ ክላክስ አደርጋለሁ!»

«በከተማችን ክላክስ ተከልክሏል» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

«አንተ ኦቾሎኒህን ብላ!»

«ክላክስ የሚያደርጉት እርስዎ ሰውየውን ሲያዩት ነው» አለች ምሪዱላ። «ይህ ድምፅ ግን እርስዎ ባያዩትም እሱ መምጣትዎን እንዲሰማ ነው። ደግሞ ዝግ ብለው ሲነዱ ብቻ ነው የሚሰማው። ሲፈጥኑ ጎማው ራሱ ስለሚጮህ ድምፁ ይጠፋል።»

«እኔ ጉንዳን ስትራመድ እሰማለሁ! ይህ ሰው ጆሮው ደንቁሮ ነው።»

ይህን ጊዜ ተንኮሌ ተነሳ። «አባባ ንሁቼ፣ ይወራረዱ! እርስዎ ሲዘምሩ ዓይንዎን ይጨፍኑ የለ? እዚህ ተቀምጠው ይዘምሩ። ምሪዱላ መኪናውን ታምጣው። ሲሰማዎት እጅዎን ያንሱ።»

እሺ አሉ። አባባ በኻ ከበሮውን ያዙ፤ አባባ ንሁቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸውን ለቀቁት። እኔ አንድ ስኒ የሩዝ አረቄ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩ። መኪናው እንደ ድመት መጣ። መዝሙሩ አለቀ።

«በሉ እንጂ! መኪናው አልተነሳም እንዴ?» ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። አረቄው ከአፍንጫቸው ሥር ነበር!

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ስኒውን ትተው የተሰበረውን ዘንግ አዩ።

«በኻ...» አሉ ቀስ ብለው። «ፍሬን ለመያዝ ትንሽ ብዘገይ ኖሮ...»

«ኖሮማ ዛሬ ከበሮ የሚመታልህ አታገኝም ነበር።»

ግትር ሰው ግን በአንድ ቀን አይለቅም። «ያን የንብ ድምፅ አልፈልግም፤ ደስ የሚል ደወል አንጠለጥላለሁ» አሉ። በማግሥቱ የናስ ደወል ከመኪናው ፊት አስረው እያቃጨሉ መጡ። በሰፈራችን እንዲህ የሚያቃጭል ደወል ሲሰማ አምላክ በዑደት እያለፈ ነው ማለት ነው! በሮች ተበረገዱ። ሴቶች ሩዝ፣ አበባና ቀይ ዱቄት በትሪ ይዘው ወጡ። ኮፈኑን ቀቡት፣ መስታወቱን ቀቡት፣ የአባባ ንሁቼን ግንባር ቀቡት። አንዲት ፍየል ሳትቀር ተንበረከከች። ከሁሉ የባሰው ግን አባባ በኻ ናቸው፤ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀጥ ብለው ወደ መኪናው መጡ!

አባባ ንሁቼ ፍሬን ረገጡ። በቀይ ዱቄት በተለወሰው መስታወት ምንም አይታያቸውም። በሩን ከፍተው «በኻ፣ ቁም! እኔ ነኝ፣ አምላክ አይደለሁም!» ብለው ሮጡና ጓደኛቸውን አቀፉ። ከዚያ ዞረው «አንቺ ልጅ! ያንን ሽቦ ቀጥዪልኝ!» አሉ።

ምሪዱላ እየቀጠለች አስረዳቻቸው። ድምፁ የመኪና መምሰል ያለበት ሰሚው መኪናው ከየት እንደሚመጣ፣ እየቀረበ ይሁን እየራቀ እንዲያውቅ ነው። ዘፈን ከሆነ ሰው ሊያዳምጥ ይቆማል፣ ደወል ከሆነ ይቀርባል፤ መኪና ከሆነ ግን ገለል ይላል። አባባ ንሁቼ እንደ ተማሪ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ያን ዕለት ማታ አባባ በኻ አዲስ ዘንግ ይዘው ከመንገዱ ጠርዝ ደረሱ። ዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። ቆሙ። «ንሁቼ ነው... ዝግ አለ... ወደ ግራ ታጠፈ... አሁን ቆመ» አሉና የማንንም እጅ ሳይዙ ተሻገሩ!

ዛሬ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሩዝ የሚያገላብጡት እናቶች ይሰማሉ። ኳስ የሚያሯሩጡት ልጆች ይሰማሉ። ስልክ ላይ ያፈጠጠው ጎረምሳ፣ ኦቾሎኒ የሚፈለፍለው እኔም ሳልቀር እንሰማለን። የአባባ ንሁቼም ዝምታ አልተሰረቀም፤ መስኮቱን ሲዘጉ ንቡ ውጭ ይቀራል። አባባ በኻ ግን «መኪናህ ካንተ የተሻለ ዜማ ይይዛል» እያሉ ያበሽቋቸዋል።

አሁን ምላሴ ትንሽ መኮማተር ስለጀመረ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፍየሏ አልተንበረከከችም። አበባውን ነው የበላችው።